ይቅርታ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

በእኛ አገር ሽምግልና ተቀምጦ «አላጠፋሁም» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። የሰደበውም የተሰደበውም «አጥፍቻለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚሁ የሆነ ሰው ይህን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። የኮሚቴው ሰዎች ይህን እያወቁ ነው የሙያ ፈቃዴን የያዙብኝ፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ባያውቁ ኖሮ አስረዳ ነበር። ለሚያውቅ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል?

ነርስ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፍኩት ከበዴሳ በሞተር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ጤና ጣቢያችን ሁለተኛ ገበያ ነው፤ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ሳሙናና ጨው ገዝቶ፣ ሲመለስ የከረመ ሕመሙን ይዞ ወደ እኛ ይታጠፋል። ያን ቀን የሞተው ሰው ግን ገበያ ሊውል የመጣ አልነበረም። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ገበሬ ነው። የሳንባ ምች ይዞት፣ የታዘዘለትን መርፌ በየቀኑ እየመጣ ሲወጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሚስቱ አንድም ቀን ሳትለየው አብራው ትመጣ ነበር። መድኃኒት የሚያስቆጣው እንደሆነ መጀመሪያ ቀን ጠይቄዋለሁ፤ «የለም» ብሎኛል፤ ካርዱ ላይ ጽፌያለሁ። ሁለቱን ቀን ምንም አልሆነም። በሦስተኛውም ቀን ወጋሁትና «ግማሽ ሰዓት ሳትቀመጥ እንዳትሄድ» አልኩት። ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ እየሮጠች መጣች። ስደርስ ፊቱ አብጦ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። አድሬናሊን ወጋሁት፣ ፈሳሽ ሰቀልኩለት፣ ኦክስጅን አደረግሁለት፣ አድሬናሊኑን ደገምኩት። ትንፋሹ ጸጥ ሲል ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ደረቱን እየተጫንኩ ጉልበቴ ተላጠ። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ሊያመጣ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሚኒባስ አስቁመን ጫንነው፣ እኔም አብሬው ወጣሁ። ሶዶ ሳንደርስ ዐረፈ። ተመልሼ ምን ምን እንደሰጠሁትና በስንት ሰዓት እንደሰጠሁት ካርዱ ላይ ጻፍኩ። የጻፍኩት ሁሉ ይነበብ ነበር።

የሟቹ ታላቅ ወንድም በዴሳ ላይ እህል ይነግዳል። ሬሳው እንደደረሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «በመርፌ ገደለችው» አለ። በእሱ አልፈርድም። ወንድሙ በእግሩ ሄዶ በቃሬዛ ሲመለስበት ሰው ሌላ ምን ይላል? ፖሊስ አምስት ቀን አሰረኝ። በር ላይ የሚጠብቀኝ ፖሊስ እናቱ የደም ግፊት አለባቸውና ያማክረኝ ነበር። ሰው ገዳይ ናት ተብዬ በቆለፈብኝ በር በኩል «ሲስተር፣ ክኒኑ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። ያኔ እንኳ ነርስ አይደለሽም ያለኝ ሰው አልነበረም።

በዋስ ስወጣ ክሱ ወጥቶ ነበር፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ከሥራም ታገድኩ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም። በዴሳ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ ሶዶ እናቴ ቤት ገባሁ። በእኛ ዘንድ በእጁ ሰው የጠፋበት ሰው እርቅ ሳይወርድ የሟቹ ቤተሰብ ባለበት ገበያ አይገባም፣ በደጃቸውም አያልፍም። እኔም አላለፍኩም።

ከወር በኋላ ኃላፊው እናቴ ቤት መጣ። «ሽማግሌ ይላክ። እርቅ ካልወረደ አንቺም ሥራ አትመለሺም፣ እኛም ሰላም አናገኝም» አለ። እናቴ ከእሱ ቀድማ ስትጾምና ስትጸልይበት ከርማ ነበርና ወዲያው ተስማማች። እኔም ተስማማሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን በግልጽ ልናገር። የዚያን ሰውዬ ሚስት ዓይን በየቀኑ እያየሁ ነበርና ሄጄ ደጃቸው ላይ መውደቅ እፈልግ ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ትልቁ ሽማግሌ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥርና ቡና የሚተክሉ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው ያልዳኙት ጠብ የለም። ትንሹ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር የየእርቁን ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ከመሄዳችን በፊት ትልቁ ሽማግሌ ለብቻዬ ጠርተው አሰለጠኑኝ። አማርኛቸው እንደ ብዙዎቹ አባቶቻችን ሴትና ወንድ አይለይም።

«ሲስተር፣ ስማኝ» አሉኝ። «እዚያ ስትደርስ ክርክር የለም። ካርድ የለም፣ ሰዓት የለም። እነሱ ሰው ሞተብን እያሉ አንተ ወረቀት ብታወጣ እርቁ እዚያው ሞተ። አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ በል። በቃ።»

«አላጠፋሁም እኮ፣ አባባ።»

«ማን አጠፋህ አለ? እርቅ ነው እንጂ ምርመራ ነው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ «አጥፍቻለሁ» የምስክርነት ቃል አይደለም። ሐዘናችሁ ገብቶኛል፣ ከእናንተ በታች ሆኜ መጥቻለሁ ማለት ነው። አባቴ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ሲታረቅ ድንበር የገፋው ጎረቤቱ ሆኖ ሳለ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ሲጀምር ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጎረቤቱ «እኔ ነኝ እንጂ» አለ፤ በዚሁ አለቀ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

የሟቹ ግቢ እንሰቱ ጥግ ሰው ሞልቶ ጠበቀን። እርጥብ ሣር ይዤ ተንበረከክኩ። የተላጠው ጉልበቴ ጠባሳ ገና አልጠፋም ነበር። «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አልኩ። ወንድምየው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ ከዚያ «ለጌታ ብዬ ትቼዋለሁ» አለ። ይህን ጊዜ የሟቹ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እንዲህ ባለ ሸንጎ ላይ ሴት ተነሥታ አትናገርም፤ ተናገረች። በወላይትኛ ነው ያለችው፤ «ተነሺ። ባሌን ስትታገዪለት አይቻለሁ። የወገኑ ሰው እንኳ እንደዚያ አይታገልለትም።» ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። ከዚያ ቦዬ ዳታ ከሚባለው የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ ጋር ቀረበ፤ ከአንድ ገበታ በላን። ከአንድ ገበታ ከተበላ ቂም አለቀ ማለት ነው። ከሰውየው ሞት ወዲህ በደንብ የበላሁት የዚያን ቀን ነው።

መምህሩ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ቃለ ጉባኤውን ጻፉ። «በዳይ» ብለው የእኔን ስም፣ «ተበዳይ» ብለው የወንድምየውን ስም። «በዳይ በሰጠችው መርፌ ምክንያት የሰው ሕይወት በማለፉ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች፤ ተበዳይም ይቅር ብለዋል።» የሚስትየዋ ቃል አልተጻፈም። በኋላ ለምን አልጻፉትም ብዬ ስጠይቃቸው «ከአጀንዳው ውጪ ነበር» አሉኝ። ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ሞት ጉዳይ ከአጀንዳ ውጪ ሆነች። እኔም ብሆን አንብቤው ነው የፈረምኩት። ሰው ይቅር ብሎኝ፣ አብሮኝ በልቶ፣ ቃል ለቃል ልመርምር ማለት ነውር መስሎኝ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። አንዱን ቅጂ ቤተሰቡ ወሰደ፣ አንዱን ሽማግሌዎቹ፣ አንዱን ኃላፊያችን። ኃላፊያችን የወሰደውን ወረቀት በሸኚ ደብዳቤ፣ በማኅተም አድርጎ፣ ከማኅደሬ ጋር አያይዞ ወደ በላይ አካል ላከው። እርቁ ይጠቅማታል ብዬ ነው ይላል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እርቅ ወረደ ተብሎ የሰው ሞት ክስ አይቆምም፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠለ። ከአንድ ዓመት በላይ ተመላለስኩ። የሬሳው ምርመራ ውጤት መጣ፤ መድኃኒቱ ሰውነቱን አስቆጥቶት ነው፣ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም ይላል። ምስክር ሆኖ የመጣው ባለሙያ ካርዱን ገልጦ በእያንዳንዱ ደቂቃ ያደረግሁትን አነበበና ከዚህ ሌላ ማድረግ የነበረባት ነገር የለም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ያችን ቃለ ጉባኤ አወጣ። ዳኛው ተቀብለው አነበቧትና መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ።

«ይህን ያልሽው ሽምግልና ላይ ነው?»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ሽምግልና ላይ ያላጠፋ ሰው የለም» አሉና ወረቀቷን ወደ ጎን አደረጓት። በነፃ ተሰናበትኩ። ከችሎት ስወጣ እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ያለቀ መስሎኝ።

የሙያ ፈቃዴ በክሱ መሐል ጊዜው አልፎበት ነበር። ያለ ፈቃድ ደግሞ ሥራ መመለስ የለም። የፍርዱን ግልባጭ ይዤ እድሳት ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የሚሞላው ቅጽ ላይ «በወንጀል ተከሰው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» አይልም። ተከሰው ያውቃሉ ብቻ። መዋሸት እችል ነበር። «አዎ፤ በነፃ ተሰናብቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አዎ» የሚለውን ብቻ አየችና ፎርሙን ለብቻው አስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ክስ አለሽ ማለት ነው።»

«ነበረኝ። ውሳኔው ይኸው፤ ነፃ ነኝ።»

«እሱን ኮሚቴው ነው የሚያየው። ሲስተሙ አያሳልፈኝም።»

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ቀረብኩ። ሰብሳቢው እኩያዬ ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ ውኃ ያስቀርባል፣ «እህቴ» ይላል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ያለ ሰው ነው። «እህቴ፣ ፍርድ ቤቱ ያየው ወንጀሉን ነው፤ እኛ የምናየው ሙያውን ነው። ሁለቱ ይለያያሉ» አለኝ። ልክ ነው፣ ይለያያሉ። ሙያውን ቢያዩልኝ ምን ቅሬታ ነበረኝ? ሙያው ያለው ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ፊታቸው ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ካርዱን ማንም አልገለጠም። የገለጡት ያችን ባለማኅተም ወረቀት ነው። «ራስሽ በፊርማሽ ጥፋቴን አምናለሁ ብለሻል። እኛ ምን እናድርግ?» አለ።

«ሽምግልና እኮ ነው። አንተስ አጥፍቻለሁ ብለህ ታርቀህ አታውቅም?»

«እንደ ግለሰብ አዎ» አለ ፈገግ ብሎ። «እንደ ኮሚቴ ግን የምናየው ሰነድ ነው።»

የዚያን ቀን እጄን አለማንሣቴ ይገርመኛል። እንደ ግለሰብ ያውቃል፣ እንደ ኮሚቴ አያውቅም። እሑድ ለሽምግልና ይቀመጣል፣ ሰኞ ሽምግልና ምን እንደሆነ ይጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጠሮ ነው። አንዴ ኮሚቴው አልተሟላም፣ አንዴ ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ ማኅደርሽ ሌላ ክፍል ነው። በዚህ መሐል ሻንቶ ከተማ ላይ ክሊኒክ ያለው አንድ ሰው ሊቀጥረኝ ፈለገ። «ፈቃድሽን እዚህ ማን ያይብሻል? ከመጋረጃው ጀርባ ሥሪ» አለኝ። ያለ ፈቃድ መርፌ ብይዝ ያኔ በእውነት ወንጀለኛ እሆናለሁ አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝ። ምናልባትም ነኝ።

በመጨረሻ ኮሚቴው አንድ መንገድ አሳየኝ። ሽማግሌዎቹ «ጥፋት አልነበረባትም» ብለው የማስተካከያ ደብዳቤ ይጻፉ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርቅ ተመልሶ አይከፈትም፣ ልጄ። አላጠፋም ብለን ከጻፍን ያ ወንድምየው ምኑን ነው የማረህ? ሞኝ አደረጋችሁኝ አይልም?»

ተናደድኩባቸው። የተናደድኩት ልክ ስለሆኑ ነው። ደብዳቤው የእኔን ፈቃድ ቢመልስ የእነዚያን ሰዎች ሐዘን ይቀሰቅሳል። ሽማግሌው በበኩላቸው ሥራቸውን በትክክል ነው የሠሩት። ይህን ሁሉ ያበላሹት የእርቅን ቃል ከእርቅ ቦታው አውጥቶ ማኅተም የመታበት ሰውና ማኅተሙን አይቶ ካርዱን ያልገለጠው ሰው ናቸው።

ሽማግሌው ዘንድ ለምን እንደሄድኩ ወሬው የሟቹ ሚስት ጆሮ ደረሰ። ማንም አልጠራትም። በበዴሳ ሚኒባስ ተሳፍራ ሶዶ ወረደች፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱን ፈልጋ ያየችውን ሁሉ አስጻፈች። መርፌው በስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ ተቀመጥ እንዳልኩት፣ እንዴት እንደሮጥኩ፣ ጉልበቴ እንደተላጠ ሳይቀር። ፊደል አልቆጠረችም፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት። ወረቀቱን እናቴ ቤት ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ። እናቴ ምሳ ብትላትም «መኪና ያመልጠኛል» ብላ ቆማ ውኃ ብቻ ጠጥታ ሄደች።

ወረቀቱን ይዤ ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። ሰብሳቢው በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው። «ማኅተም የለውም» አለና ማኅደሬ ውስጥ ሸጎጠው። የእሷ አውራ ጣት አይቆጠርም። የእሱ ማኅተምም ቢሆን ከሱቅ የተገዛ ቀለም ነው።

የባሏ ወንድም ደግሞ ሰማ። እኔን ምንም አላለኝም፤ ታርቀናላ። እሷን ግን «ወንድሜን ከገደለችው ጋር ቆምሽ» አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማሳዋን በበሬው የሚያርስላት እሱ ነበር። ለበልጉ በሬ አልሰጠም። ማሳዋ ጦም አደረ። ይህን የነገሩኝ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ ራሷ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ጠራኝ። እናቴ አብራኝ መጣችና ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ወንበር ሳበልኝ። «ደስ ይበልሽ እህቴ፣ ጨርሰናል» አለ። አንድ የተተየበ ገጽ አቀረበልኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ከታች «ጥፋቴን አምኜ ውሳኔውን ተቀብያለሁ» የሚል መስመር አለ፤ ከመስመሩ ሥር የፊርማ ቦታ። «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ፤ ለፎርማሊቲ ነው። ሰኞ ፈቃድሽን ትወስጃለሽ፣ በወሩ ሥራሽ ላይ ነሽ።»

ወጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ፈርሚ» አለችኝ። «አንዴ ፈርመሻል፤ ሁለተኛው ምን ያመጣል? ልጄ፣ ደከመኝ።» እውነትም ደክሟታል። እኔም ደክሞኛል። መርፌ መያዝ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሰው ደም ሥሩ ወፍሮ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል። ሥራዬን እፈልጋለሁ። በዚህ ምድር ላይ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ተመልሼ ገባሁ። ብዕሩን አነሣሁ። የምፈርምበትን ቦታ ሳይ ከሰብሳቢው ክንድ ሥር ማኅደሬ ተከፍቶ ነበርና የሚስትየዋ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ታየኝ። የመጀመሪያውን የፈረምኩት ለእሷ ሐዘን ብዬ ነው፤ ማንንም ውሸታም አላደረገም። ይህኛውን ብፈርም ግን ያች ሴት ያየችውን አላየችም፣ ያስጻፈችው ሁሉ ሐሰት ነው ብዬ መፈረሜ ነው። ባሏን በእኔ እጅ ላይ አጥታለች። ለእኔ ስትል የባሏን ወንድም አጥታለች፣ ማሳዋም አልታረሰም። በእኔ ፊርማ ደግሞ ቃሏን ልትነጠቅ ነው።

«አልፈርምም» አልኩት።

«እህቴ፣ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል እኮ።»

«ካርዱን ግለጥ። ገልጠህ፣ አንብበህ፣ ያጠፋሁትን ደቂቃ አሳየኝ፤ ያኔ እፈርማለሁ።»

አልገለጠውም። ብዕሩን ከእጄ ወሰደና ክዳኑን ገጠመበት፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ስም ጠራ።